ሜዲኬይድ የሚቀበል የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር ማግኘት ለምን ከበደ?

ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጁላይ 4 ቀን 2025 ትልቁን የታክስና የበጀት ሕግ ከፈረሙ ወዲህ፣ በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች ስለሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ስለ ሜዲኬይድ፣ አንድ ጥያቄ ከአፍ አይጠፋም። «ሜዲኬይድ ሊቀር ነው እንዴ?» አይቀርም። ሕጉ ብዙ ሰው ከሜዲኬይድ የሚያስወጡ ለውጦች አሉት። ፕሮግራሙን ግን አልሰረዘም።

ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ብዙም የማይወራለት፣ ከሕጉ በፊትም የነበረ ችግር አለ። ካርዱ በኪስ አለ፤ ቀጠሮ የሚሰጥ ግን ይጠፋል። የአባትን ደም ግፊት፣ የእናትን ስኳር፣ የልጆቹን ክትባት አንድ ቦታ የሚከታተልለት ባለሙያ የሚፈልግ ቤተሰብ «የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር ፈልጉ» ይባላል። ይደውላል። አንዱ ጋ «አዲስ ታካሚ አንቀበልም» ይሉታል። ሌላው ጋ «የእናንተን ፕላን አንወስድም» ይሉታል። ሦስተኛው ጋ እዚያ ትሠራለች የተባለችው ባለሙያ ከለቀቀች ቆይታለች።

ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ምክንያቱ ያለው በሜዲኬይድ አደረጃጀትና በክፍያው አሠራር ውስጥ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ፍለጋውን ከየት መጀመር እንዳለበትም ያውቃል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነርስ ፕራክቲሽነር ማን ናት?

መጀመሪያ በነርስነት ትመረቃለች፣ የሥራ ፈቃድ ታወጣለች። ቀጥሎ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ትማራለች፣ ብሔራዊ የብቃት ፈተና ትወስዳለች። ከዚያ በኋላ ታካሚ ትመረምራለች፣ ላብራቶሪ ታዛለች፣ በሽታውን ትለያለች፣ መድኃኒት ትጽፋለች። የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር የምትባለው ከሕፃን እስከ አዛውንት ለማከም የሠለጠነችው ናት።

አገር ቤት ያደገ ሰው ጤና መኮንንን ያስታውስ። ጎንደር ላይ ሥልጠናው በ1954 ከተጀመረ ወዲህ በየወረዳው ሕዝብ ሲያክሙ የኖሩት ጤና መኮንኖች ናቸው። የሁለቱ ሙያዎች ሥልጠና አንድ አይደለም። በሕክምናው ውስጥ ያላቸው ቦታ ግን ይቀራረባል። ስለዚህ «ዶክተር ፈልጌ ነርስ ሰጡኝ» ብሎ ቅር የሚለው ወገናችን፣ ነገሩ ከአገር ቤት የሚያውቀው መሆኑን ልብ ቢል ጥሩ ነው።

ሙያው በአሜሪካ የተጀመረው በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጀመሩት ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ነበሩ። መነሻቸው ሐኪም የማይደርስላቸው የገጠርና የድሃ ቤተሰብ ልጆች ጉዳይ ነው። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሜዲኬይድንና ሜዲኬርን የፈጠረውን ሕግ ፈረሙ። የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ጤና ማዕከልም በዚያው ዓመት ቦስተን ላይ ተከፈተ። ሦስቱም ለአንድ ዓይነት ችግር የተሰጡ መልሶች ነበሩ። ዛሬም ካርድ ይዞ ሐኪም ላጣ ሰው መፍትሔው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሦስቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ከ400 ሺህ በላይ ፈቃድ ያላቸው ነርስ ፕራክቲሽነሮች አሉ። አብዛኞቹ በቤተሰብ ሕክምና የሠለጠኑ ናቸው። በነርስነት ጀምረው እዚህ ደረጃ የደረሱ ኢትዮጵያውያንም ጥቂት አይደሉም።

ብዙ የሚነገር አንድ ስህተት አለ። «ሜዲኬይድ የሚከፍለው ለዶክተር ብቻ ነው» ይባላል። ውሸት ነው። ኮንግረስ በ1989 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ የየስቴቱ ሜዲኬይድ የቤተሰብና የሕፃናት ነርስ ፕራክቲሽነሮችን አገልግሎት የመሸፈን ግዴታ አለበት። ግዴታው ያለው ግን በስቴቱ ላይ ነው። የግል ክሊኒክ ያላት ባለሙያ ሜዲኬይድ እንድትቀበል የሚያስገድዳት የፌዴራል ሕግ የለም። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

በየስቴቱ የተለያየ ሜዲኬይድ

ሜዲኬይድ አንድ ወጥ ኢንሹራንስ አይደለም። ገንዘቡን የፌዴራል መንግሥቱና ስቴቶቹ በጋራ ያወጣሉ። የሚያስተዳድረው ስቴቱ ነው። ስሙም ይለያያል። ካሊፎርኒያ ሜዲ-ካል፣ ዋሽንግተን ስቴት አፕል ኸልዝ፣ ማሳቹሴትስ ማስኸልዝ፣ ሚኒሶታ ሜዲካል አሲስታንስ ይሉታል። ከሜዲኬር ጋር የሚያምታታውም ብዙ ነው። ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸውና ለአንዳንድ አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የፌዴራል ኢንሹራንስ ነው። ሜዲኬይድ ግን በገቢ ነው የሚታየው።

ማን እንደሚያገኘውም በየስቴቱ ይለያያል። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ገቢው ከድህነት ወለሉ 138 በመቶ የማይበልጥ አዋቂ ሁሉ ሜዲኬይድ እንዲያገኝ ነበር ያሰበው። በ2025 ስሌት ይህ ለብቻው ለሚኖር ሰው በዓመት 21,600 ዶላር አካባቢ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ጉዳዩን ለስቴቶች ምርጫ ተወው። 40 ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ተቀበሉት። ቴክሳስ አልተቀበለውም። ጆርጂያም ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሜዲኬይድ የነበረው ወጣት ዳላስ፣ ቴክሳስ ሲዛወር ገቢው ሳይለወጥ ኢንሹራንሱን ሊያጣ ይችላል። ልጅ ለሌለው፣ አካል ጉዳት ለሌለው አዋቂ የቴክሳስ ሜዲኬይድ በሩ ዝግ ነው።

ከዚህ ላይ ሌላ ነገር ይደረባል። ከተጠቃሚዎቹ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆኑት ሜዲኬይዳቸውን የሚያገኙት ስቴቱ በሚቀጥራቸው የኢንሹራንስ ድርጅቶች በኩል ነው። ይህ ማኔጅድ ኬር ይባላል። ስቴቱ ለድርጅቱ በአንድ ሰው በወር የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል። ድርጅቱ ደግሞ የራሱን የሐኪሞችና የክሊኒኮች ስብስብ ያደራጃል። ያ ስብስብ ኔትዎርክ ነው የሚባለው። የሜሪላንድ ነዋሪ ሁለት ካርድ ሊኖረው ይችላል። አንዱ የስቴቱ የሜዲካል አሲስታንስ ካርድ ነው። ሌላው በኸልዝቾይስ ፕሮግራም ሥር የመረጠው ወይም የተመደበበት ድርጅት ካርድ ነው። ክሊኒክ ሲደውል የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው።

«አዎ» ከተባለ በኋላ

አንድ የስልክ ጥሪ እንውሰድ። ደዋዩ «ሜዲኬይድ ትቀበላላችሁ?» ይላል። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ «አዎ» ትላለች። ደዋዩ ደስ ብሎት ቀጠሮ ይይዛል። በቀጠሮው ቀን ከሥራ ቀርቶ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ይሄዳል። ካርዱ በማሽን ይገባል። «ይቅርታ፣ ይህን ፕላን አንወስድም።»

ሠራተኛዋ አልዋሸችም። ክሊኒኩ ከስቴቱ ድርጅቶች ከሁለቱ ጋር ውል አለው፤ ከእሱ ድርጅት ጋር ግን የለውም። ጥያቄው ያልተሟላ ስለነበር መልሱም ያልተሟላ ሆነ።

ሌላው መሰናክል ባለሙያዋ ራሷ ናት። ክሊኒኩ ከድርጅቱ ጋር ውል ቢኖረውም፣ አዲስ የተቀጠረችው ነርስ ፕራክቲሽነር የማስረጃ ማጣራቷ ገና አላለቀ ይሆናል። ድርጅቱ የትምህርት ማስረጃዋን፣ ፈቃዷንና የሥራ ታሪኳን እስኪያጣራ ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ድረስ በእሷ ስም የክፍያ ጥያቄ ማቅረብ አይቻልም።

ሦስተኛው ደግሞ የተለየ ነው። አንዳንድ ክሊኒኮች የነርስ ፕራክቲሽነሯን ሥራ በሐኪሙ ስም ያስከፍላሉ። ታካሚውን በየጊዜው የምታየው እሷ ናት። በወረቀት ላይ ያለው ግን ሐኪሙ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ እሷን በድርጅቱ ማውጫ ውስጥ በስሟ ብትፈልጓት አታገኟትም። ካርዱ ላይ የዶክተሩ ስም ይታተማል። ብዙ ሰው «ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባል ዝርዝሩ ላይ የለም» የሚለው ለዚህም ጭምር ነው።

ከሁሉም በኋላ የቦታ ጉዳይ ይመጣል። ውል አለ፣ ማጣራቱ አልቋል፣ ስሟም አለ፤ ግን የምትይዘው የሜዲኬይድ ታካሚ ቁጥር ሞልቷል። በግል ኢንሹራንስ ለመጣ ሰው ቦታ ሊኖር ይችላል። ይህ ብዙ ሰው እንደ ንቀት የሚያየው ነገር ነው፤ ቅሬታው ይገባኛል። ከጀርባው ያለው ግን በአብዛኛው ሂሳብ ነው።

ስለዚህ በስልክ የሚጠየቀው ሙሉ ጥያቄ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «የኔ ሜዲኬይድ በዚህ ድርጅት በኩል ነው። በዚህኛው ቅርንጫፋችሁ የምትሠራው ይህች ነርስ ፕራክቲሽነር በዚህ ፕላን አዲስ ታካሚ ትቀበላለች? እንደ ዋና ሐኪሜ ልመዘግባት እችላለሁ?» ቅርንጫፉን መጥራት አይረሳ። ባለሙያዋ በሳምንት ሁለት ቀን አንዱ ቦታ፣ ሦስት ቀን ሌላው ቦታ ልትሠራ ትችላለች። ውሉ ሁለቱንም ላይሸፍን ይችላል።

ሂሳቡ

ሜዲኬይድ ለሐኪም ቤት የሚከፍለው ከሌሎቹ ኢንሹራንሶች ያንሳል። በ2019 በተደረገ ንጽጽር፣ ሜዲኬር አንድ ዶላር ለሚከፍልበት የሐኪም አገልግሎት ሜዲኬይድ በአማካይ 72 ሳንቲም ገደማ ነበር የሚከፍለው። በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ደግሞ ወደ 67 ሳንቲም ይወርዳል። የግል ኢንሹራንስ ከሜዲኬርም በላይ ይከፍላል። በአንዳንድ ስቴቶች ነርስ ፕራክቲሽነር የምታገኘው ከሐኪሙ ክፍያም ተቀንሶ ነው። በሌሎቹ ደግሞ እኩል ነው።

በዚህ ላይ ወረቀቱ አለ። የክፍያ ጥያቄ ይመለሳል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይላካል። ታካሚው በወሩ መሃል ከሜዲኬይድ ወጥቶ ከሆነ ክሊኒኩ ሳይከፈለው ይቀራል። ትልቅ ሆስፒታል ይህን ይችለዋል። ሁለት ባለሙያ ያለበት ትንሽ ክሊኒክ ግን የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ አለበት። ባለቤቷ ነርስ ፕራክቲሽነር ሩኅሩኅ ብትሆንም ከታካሚዎቿ ስንቱ ሜዲኬይድ እንደሆነ መቁጠሯ አይቀርም።

ክፍያውን ማሳደግ ተሞክሯል። በ2013 እና በ2014 የፌዴራል መንግሥቱ ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚከፈለው የሜዲኬይድ ክፍያ ከሜዲኬር እንዲስተካከል አደረገ። ጭማሪው ግን ለሐኪሞችና በእነሱ ቁጥጥር ሥር ለሚሠሩ ነበር። ራሳቸውን ችለው የሚሠሩት ነርስ ፕራክቲሽነሮች አልተካተቱም። ድሃ ታካሚዎችን ብዙ ጊዜ የሚያዩትን ባለሙያዎች ትቶ ክፍያ ማሳደግ ትልቅ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ አብዛኞቹ ስቴቶች ጭማሪውን አላስቀጠሉም።

ስሟ አለ፣ እሷ የለችም

የድርጅቱን ማውጫ ከፍቶ ከላይ ወደ ታች መደወል የተለመደ ነው። ውጤቱ ምን እንደሚመስል የፌዴራል የጤና መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር በ2014 ባወጣው ሪፖርት አሳይቷል። በ32 ስቴቶች በሜዲኬይድ ድርጅቶች ማውጫ ላይ ወደሚገኙ 1,800 ሐኪሞችና ሌሎች ባለሙያዎች ተደወለ። ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ቀጠሮ መስጠት አልቻሉም። 35 በመቶዎቹ በተጻፈው አድራሻ ጨርሶ አልተገኙም። 8 በመቶዎቹ «በዚህ ፕላን የለንበትም» አሉ። ሌሎች 8 በመቶዎቹ አዲስ ታካሚ አይቀበሉም። ቀጠሮ ከሰጡት መካከል ደግሞ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ከአንድ ወር በላይ የሚያስጠብቁ ነበሩ።

ማውጫው የሚበላሸው በክፋት ብቻ አይደለም። ባለሙያ ሥራ ትቀይራለች፣ ክሊኒክ ይዘጋል፣ ማንም ለድርጅቱ አይነግርም። ድርጅቱም ዝርዝሩን ለማጥራት አይቸኩልም። ረጅም ዝርዝር ለስቴቱ ሲቀርብ በቂ ኔትዎርክ ያለ ያስመስላል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን በምሳ ሰዓቱ ከፓርኪንግ ቤት ውስጥ ስልክ የሚደውለው ሰው ነው።

በ2024 የወጣ የፌዴራል ደንብ ይህን ለማስተካከል ሞክሯል። አስቸኳይ ላልሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ቀጠሮ ከ15 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይላል። ማውጫውም ማንነታቸውን ሳይናገሩ በሚደውሉ ገለልተኛ መርማሪዎች እንዲፈተሽ ያዛል። ተግባራዊ የሚሆነው ግን በየደረጃው ነው።

የጤና ማዕከሎቹ ለምን ይቀበላሉ?

ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው ነገር ይህ ነው። በመላ አሜሪካ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚታከመው በፌዴራል መንግሥት በሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት ነው። በዲሲ ሜሪስ ሴንተርና ዩኒቲ ኸልዝ ኬር፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሲሲአይ ኸልዝ ሰርቪስስ፣ በአሌክሳንድሪያ ኔይበርሁድ ኸልዝ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ማዕከላቱ መክፈል አልቻለም ብለው ታካሚ መመለስ አይችሉም። ኢንሹራንስ የሌለውም በገቢው ልክ ቀንሰው ያስከፍሉታል።

ሜዲኬይድ ላይ ያላቸው አመለካከት ከግል ክሊኒክ የተለየ የሆነው በደግነት ብቻ አይደለም። የሚከፈላቸው በሌላ መንገድ ነው። በ2000 የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ ሜዲኬይድ ለእነዚህ ማዕከላት ለእያንዳንዱ ጉብኝት ወጪያቸውን መሠረት ያደረገ የተወሰነ ክፍያ እንዲከፍል ያዛል። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ያነሰ ከከፈለ ስቴቱ ልዩነቱን ይሞላል። ታካሚውን ያየችው ነርስ ፕራክቲሽነር ብትሆንም የጉብኝቱ ክፍያ ሐኪም እንዳየው ይቆጠራል። የግል ክሊኒኩን የሚያሸሸው ታካሚ፣ ለጤና ማዕከሉ ዋና የገቢ ምንጩ ነው። ነርስ ፕራክቲሽነር መቅጠርም ያዋጣዋል። ለዚህ ነው በእነዚህ ማዕከላት ብዙ የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነሮች የሚገኙት።

ጉድለት የለባቸውም ማለት አይደለም። ቀጠሮው ሊረዝም ይችላል። ባለሙያዎቹ ቶሎ ቶሎ ይለቃሉ፤ ዛሬ የተዋወቋት ነርስ ፕራክቲሽነር በዓመቱ ላትገኝ ትችላለች። ከየትኛው ድርጅት ጋር ውል እንዳላቸውም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ማውጫ ከላይ እስከ ታች ከመደወል ይልቅ ከዚህ መጀመር ይሻላል። የፌዴራሉ የጤና ሀብት አስተዳደር በድረ ገጹ ላይ በዚፕ ኮድ የሚፈለግበት መሣሪያ አለው።

የቋንቋ ነገርም እዚህ ይነሳል። የሜዲኬይድ ገንዘብ የሚወስድ ክሊኒክ ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010ሩ የጤና ሕግ የተደነገገ ነው። ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን የመንግሥት ተቋማት ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ይሠራል። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይገባል። የአሥር ዓመት ልጅን የእናቱን የማኅፀን ሕመም እንዲያስተረጉም ማድረግ ለልጁም ለእናትየውም ጉዳት ነው። መረጃውም ይዛባል።

የስቴቱ ሕግ ሲያስር

ነርስ ፕራክቲሽነር ያለ ሐኪም ቁጥጥር መሥራት ትችላለች ወይ? መልሱ በየስቴቱ ይለያያል። ሜሪላንድ በ2015 ሙሉ ፈቃድ ሰጠች። ዲሲ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴትም ይፈቅዳሉ። ቨርጂኒያ ከሐኪም ጋር በስምምነት የተወሰኑ ዓመታት ከሠራች በኋላ ራሷን እንድትችል ታደርጋለች። ቴክሳስና ጆርጂያ ግን ከሐኪም ጋር ውል ሳይኖር አይፈቅዱም።

ይህ ለታካሚው ምኑ ነው? ብዙ ነው። ውል ግዴታ በሆነበት ስቴት፣ ድሃ ሰፈር ክሊኒክ መክፈት የምትፈልግ ባለሙያ መጀመሪያ የሚፈርምላት ሐኪም መፈለግ አለባት። ሐኪሙ ለፊርማው ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ሐኪሙ ጡረታ ከወጣ ወይም ሐሳቡን ከቀየረ ክሊኒኩ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ቀድሞውኑ አነስተኛ የሆነው የሜዲኬይድ ክፍያ ይህን ሁሉ አይሸከምም።

የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ፈቃዱ እንዳይሰፋ አጥብቆ ይከራከራል። ዋናው ነጥቡ ሥልጠና ነው። ሐኪም በትምህርትና በስፔሻላይዜሽን ከ10 ሺህ በላይ የክሊኒክ ሰዓት ይሠራል። ለነርስ ፕራክቲሽነር ዝቅተኛው መስፈርት በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ይህ ልዩነት እውነት ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ነርስ ፕራክቲሽነሮች ያዩዋቸው ታካሚዎች ረዘም ያለ ጊዜና ከፍ ያለ ወጪ እንደወሰዱ አሳይቷል።

በሌላው ወገን ያለውም ማስረጃ ጠንካራ ነው። በ2000 በወጣ የኒው ዮርክ ጥናት 1,316 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው አንዳንዶቹ በሐኪም፣ ሌሎቹ በነርስ ፕራክቲሽነር ክትትል ተደረገላቸው። ስኳር፣ አስምና ደም ግፊት ያለባቸውም ነበሩባቸው። በጤናቸው ውጤት ላይ ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ከዚያ በኋላ የወጡ የጥናቶች ግምገማዎችም በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ተመሳሳይ ነገር ይላሉ። ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ስናይ የሚጋጩ አይመስለኝም። ድንገተኛ ክፍል አንድ ነገር ነው፤ የደም ግፊት ክትትል ሌላ ነገር ነው። ለተለመደው የቤተሰብ ክትትል ጥሩ የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር በቂ ናት። ነገሩ ሲወሳሰብ ማንን እንደምታማክርና ወዴት እንደምትልክ መጠየቅ ደግሞ የታካሚው መብት ነው። ንጽጽሩም ሁልጊዜ በሐኪምና በነርስ መካከል አይደለም። ሜዲኬይድ ላለው ሰው አማራጩ ብዙ ጊዜ ወይ ነርስ ፕራክቲሽነር ወይ ማንንም አለማግኘት ነው። ማንም በሌለበት ደግሞ ግፊቱ ሳይታወቅ ከርሞ ድንገተኛ ክፍል ይገለጣል።

አዲሱ ሕግ ምን ያመጣል?

በ2025ቱ ሕግ መሠረት፣ በሜዲኬይድ ማስፋፊያ (ከላይ በተጠቀሰው የ2010ሩ ሕግ) የገቡ ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ አዋቂዎች ቢዘገይ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን፣ መማራቸውን ወይም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መስጠታቸውን ማሳየት ይኖርባቸዋል። በአማራጭ የወር ገቢያቸው ቢያንስ 580 ዶላር መሆኑን ማሳየት ይችላሉ። ዕድሜው 13 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ፣ ነፍሰ ጡርና ከባድ ሕመም ያለበት ነፃ ናቸው። ለእነዚሁ አዋቂዎች እድሳቱ በዓመት አንዴ መሆኑ ቀርቶ በየ6 ወሩ ይሆናል።

የሕጉ ደጋፊዎች መሥራት የሚችል ሰው ይሥራ፣ ፕሮግራሙም በእርግጥ ለተቸገረው ይትረፍ ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ አርካንሶን ይጠቅሳሉ። እዚያ በ2018 ተመሳሳይ መስፈርት ሲሞከር፣ ፍርድ ቤት እስኪያስቆመው ድረስ ከ18 ሺህ በላይ ሰው ሽፋኑን አጥቷል። ከኤፕሪል 2023 በኋላ፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ሰው ከሜዲኬይድ እንዳይሰረዝ የተደረገው ጥበቃ ሲነሳም ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሜዲኬይድ ወጥቷል። አብዛኞቹ የወጡት ብቁ አለመሆናቸው ተረጋግጦ ሳይሆን በወረቀት ጉድለት ነው። ለኡበርና ለሊፍት ሹፌሮቻችን አሳሳቢው ይህ ነው። እነሱ ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ከ80 ሰዓት እጅግ በላይ። ግን የደመወዝ ወረቀት የሚሰጣቸው አለቃ የላቸውም። የመተግበሪያውን የገቢ ዝርዝር በየወሩ ማስቀመጥ ከአሁኑ ቢለመድ ይጠቅማል።

የኢሚግሬሽን ሁኔታም ይነካል። በዲቪ የመጣ ባለ ግሪን ካርድ ለፌዴራል ሜዲኬይድ 5 ዓመት እንዲጠብቅ የሚያዘው ሕግ ከ1996 ጀምሮ አለ። ስቴቶች ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ሳያስጠብቁ መሸፈን ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ይሸፍናሉ። አዲሱ ሕግ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግሪን ካርድ ያላገኙ ስደተኞችን (ሬፊውጂዎችን) እና ጥገኝነት የተሰጣቸውን ሰዎች ከፌዴራል ሜዲኬይድ ያስወጣል። እስከዚያ ድረስ ብቁ ነበሩ። አንዳንድ ስቴቶች በራሳቸው ገንዘብ ሊሸፍኗቸው ይችላሉ፤ በስቴቱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሜዲኬይዱ ለማይነካበት ሰውም ይተርፋል። ከላይ እንዳየነው የጤና ማዕከላቱ የሚቆሙት በሜዲኬይድ ክፍያ ነው። ታካሚዎቻቸው ሽፋን ሲያጡ ማከማቸው አይቀርም፤ የሚከፍል ግን የለም። ገቢ ሲቀንስ የሚቀነሰው ሠራተኛ ነው። ካርዱ ያልተሰረዘበት ሰውም የምታክመውን ነርስ ፕራክቲሽነር ሊያጣ ይችላል።

ፍለጋው ካልተሳካ

በማኔጅድ ኬር ያለ ሰው ድርጅቱ ላይ መብት አለው፤ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው የአባላት አገልግሎት ስልክ ተደውሎ «በአካባቢዬ አዲስ ታካሚ የምትቀበል የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር ፈልጋችሁ ቀጠሮ ያዙልኝ» ማለት ይቻላል። ሥራው የእነሱ ነው። የተደወለበት ቀንና ያነጋገረው ሰው ስም ቢጻፍ ጥሩ ነው። መጓጓዣ ከሌለም ይጠየቅ፤ ወደ ሕክምና ቀጠሮ መውሰድ ከሜዲኬይድ ጥቅሞች አንዱ ነው።

ድርጅቱ በኔትዎርኩ ውስጥ አስፈላጊውን አገልግሎት ማቅረብ ካልቻለ፣ ከኔትዎርኩ ውጭ እንዲሸፍን የፌዴራል ደንቡ ያስገድደዋል። ይህ ጥያቄ በስልክ ብቻ ባይቀር ይሻላል፤ በጽሑፍ ይቅረብ። ድርጅቱን መቀየርም ይቻላል። በተመዘገቡ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ ያለ ምክንያት፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየ12 ወሩ አንድ ጊዜ። ስለዚህ የሚፈለገው የጤና ማዕከል መጀመሪያ ተመርጦ፣ ድርጅቱ እሱን ተከትሎ ቢመረጥ ይቀላል። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው።

ድርጅቱ አገልግሎት ከከለከለ ምክንያቱን በደብዳቤ መግለጽ አለበት። ይግባኝ ለማለት ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለ። ድርጅቱ በአቋሙ ከጸና ጉዳዩ በስቴቱ ፊት ይታያል፤ እዚያም አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።